ዓይን አልሞ ጆሮ

በእኛ ቤት አልበም ውስጥ ዓይን የለም። ጆሮ ግን ሞልቷል።

ያጋነንኩ ከመሰላችሁ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ብቅ በሉና እናቴን አልበሙን ጠይቋት፤ ቡናም አይቀርባችሁም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለችው ራሷ ናት። ወጣት ናት፣ ሹሩባ ተሠርታለች፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋለች። ፊቷ ላይ ግን የሐምሌ የእንጦጦ ጉም ወርዶበታል። አፍንጫዋ የሚገኘው በግምት ነው። ጆሮዋ ጋ ስትደርሱ ሰማዩ ይገለጣል። የተበሳችበት ቀዳዳ፣ ከሹሩባው ያመለጠች አንዲት ዘለላ፣ የወርቅ ጉትቻዋ ላይ አንጥረኛው የሠራው ጥልፍልፍ ሳይቀር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ገጽ ላይ አያቴ አሉ። ከጆሯቸው የበቀለችው ፀጉር ስትታወቅ፣ ዓይናቸው የት እንደገባ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ እኔ አለሁ፣ የስድስት ወር ልጅ። ጆሮዬ ትልቅ የሆነው በኋላ ነው እያልኩ እንዳልዋሽ ማስረጃው እዚያ ተቀምጧል።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ይህ ተረት የተተረተው አጎቴ ካሜራ ከመያዙ በፊት መሆን አለበት።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ከተላኩት ወጣቶች አንዱ ነበር። ጓደኞቹ ሲመለሱ ማን ራዲዮ፣ ማን ማቀዝቀዣ፣ ማን ደግሞ ሚስት ይዞ መጣ። አጎቴ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣ። ከተማሪ አበሉ እየቆጠበ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የገዛው ዞርኪ-4 ነው። ይህ ካሜራ ሞስኮ አጠገብ ባለችው ክራስኖጎርስክ ከ1956 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ሲሠራ የኖረ ነው፤ ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ተመርቷል። ከዚያ ሁሉ አንዷ ተመርጣ የእኛን ሰፈር ጆሮ ልትመዘግብ መጣች።

ዞርኪ ማለት በሩስኛ ዓይነ ስል እንደ ማለት ነው። በሩቅ ያለውን አጥርቶ የሚያይ። የእኛ ሰፈር ሰው ግን ስሙን የተረዳው በአማርኛው ነው። አጎቴ «ዞርኪ ነው» ብሎ ካሜራውን ሲያነሳ የሚነሳው ሰው ዞር ይላል። እንግዲህ ጥፋቱ ከመነሻው የጋራ ነበር ማለት ይቻላል።

ነገርን ነገር ያነሳዋልና ስለ ካሜራው አሠራር ጥቂት ላውራ፤ ከጥንቱ ልጀምር።

በአጤ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ነው፤ ሙያውን ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ወርሰውታል። በዚያ ዘመን ትልቁ የእንጨት ካሜራ ከኋላው ፍዝ መስታወት አለው። ፎቶ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ መስታወቱን ሲያይ የሚያየው ያንኑ ሌንሱ ያየውን ነው። እርግጥ ነው፣ ምስሉ የተዘቀዘቀ ስለሆነ መኳንንቱ በሙሉ ሰማይ ረግጠው ነው የሚታዩት። ቢሆንም የጠራውና የደበዘዘው አይጠፋም። ሰውየው የተዘቀዘቀ እውነት ያያል፣ ግን እውነት ያያል።

ዞርኪ የሌላ ዘር ነው። ከላይካ፣ ከፌድ፣ ከኪየቭ ጋር ይዛመዳል። ሬንጅፋይንደር ይሏቸዋል፤ በአማርኛ ርቀት ለኪ ብንላቸው አንሳሳትም። እነዚህ ካሜራዎች ላይ በሌንሱ ውስጥ አታዩም። የምታዩት ከላይ ባለች ትንሽ መስኮት ነው፤ በዚያች መስኮት ደግሞ ዓለም ሁልጊዜ ጥርት ያለ ነው። ሌንሱ ተሳስቶም፣ ተሸፍኖም፣ ጭራሽ ተነቅሎም መስኮቷ «ሁሉ ሰላም ነው» ትላለች። እንዲህ ያለ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል።

መስኮቷ መካከል ላይ አንዲት ደመቅ ያለች ቦታ አለች። በዚያች ቦታ የሚነሳው ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ሁለት አፍንጫ፣ አራት ዓይን፣ ልክ ሁለት ብርሌ ጠጅ ከጨረሱ በኋላ እንደሚያዩት። ሌንሱ ሲዞር አንደኛው ሰውዬ ወደ ሌላው ይጠጋል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» እንዲሉ፣ ሁለቱ ተጠጋግተው አንድ ሲሆኑ ርቀቱ ተገኘ ማለት ነው። ያኔ ይነሳል።

ሁለተኛው ምስል ከየት መጣ? ከመጀመሪያዋ 38 ሚሊሜትር ራቅ ብላ ካለች ሌላ መስኮት። እጃችሁን ዘርግታችሁ አውራ ጣታችሁን አቁሙና አንዱን ዓይን፣ ቀጥሎ ሌላውን ጨፍኑ። ጣታችሁ ይዘላል። ጣቱ ሲቀርብ ዝላዩ ይበዛል፣ ሲርቅ ያንሳል። ካሜራው ርቀት የሚለካው በዚህ ዝላይ ነው።

ጉዱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ሌንሱ ሲዞር ከጀርባው ያለ ጠርዝ ካሜራው ሆድ ውስጥ ያለችን ትንሽ ክንድ ይገፋል፤ ክንዷ ሁለተኛውን ምስል ታንቀሳቅሳለች። ስለዚህ ፎቶ አንሺው የሚያየው ሌንሱ ያየውን አይደለም። ሌንሱ «እዚህ ጋ ነኝ» ብሎ የላከውን ወሬ ነው። ፋብሪካው «ዓይነ ስል» ብሎ ስም ያወጣለት ካሜራ፣ ሲመረመር የሚሠራው በጆሮ ነው።

«እዚህ ጋ ነኝ» የሚል ወሬ ምን እንደሚመስል ለአዲስ አበባ ሰው አላስረዳም። አንድ ወዳጅ አለኝ፣ ኮተቤ የሚኖር። መገናኛ ቀጥሮኝ ስደውልለት «ደረስኩ፣ ላምበረት ነኝ» ይላል። ከጀርባው ዶሮ ይጮኻል፤ እናቱም «ምሳ ሳትበላ ልትወጣ ነው?» ሲሉ ይሰማኛል። ወዳጄ አይዋሽም። በልቡ ላምበረት ነው። እግሩን ከልቡ ጋር የምታያይዘው ክንድ ናት ትንሽ የላላችው።

የአጎቴም ካሜራ እንዲሁ ነበረች። መስኮቷ ላይ የእናቴ ሁለት ዓይኖች ከሁለት ዓይኖቿ ጋር ውብ ሆነው ይጋጠማሉ። ሌንሱ ግን ያለው ጆሮዋ ጋ ነው።

ለምን ጆሮ? ሒሳቡ ቀላል ነው። ሌንሱ ጁፒተር-8 ይባላል፤ 50 ሚሊሜትር ነው፣ የዘር ሐረጉም ከጀርመኑ ዛይስ ሶናር ይመዘዛል። ቤት ውስጥ ብርሃን ሲያንስ ቀዳዳውን እስከ ጥግ፣ እስከ 2 ድረስ መክፈት ግድ ነው። እንዲያ ተከፍቶ አንድ ሜትር ላይ ያለ ሰው ሲነሳ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ስፋት በጠቅላላው 5 ሴንቲሜትር ያህል ነው። የሌባ ጣት ርዝመት እንኳ አይሞላም። ከዓይን እስከ ጆሮ ደግሞ ግማሽ ስንዝር ነው። ስለዚህ ሌንሱ ግማሽ ስንዝር ወደ ኋላ ከተሳሳተ ዓይንን አልሞ ጆሮን ይመታል። ግማሽ ስንዝር ለመሳሳት ካሜራው ውስጥ የሚያስፈልገው ስህተት ሩብ ሚሊሜትር ነው። የሦስት ወረቀት ውፍረት እንኳ አይሞላም። ቤተሰብን ለማፍረስም ከዚህ ብዙ የሚበልጥ አያስፈልግም።

ርቀቱ ሲጨምር ስህተቱ ያድጋል። ሦስት ሜትር ላይ የተቀመጠ ሰው ሲታለም ጥርት የሚለው ከእሱ ኋላ ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ የቆመው ነው። ይህ በቡድን ፎቶ ላይ ምን እንደሚያስከትል አስቡት። እኛ ዘንድ ፊት የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ናቸው። ከኋላ የሚቆመው ሕፃን፣ ጎረቤትና ያልተጠራ ሰው ነው።

የፋሲካ ፎቷችን ምስክር ነው። አመሻሽ ላይ በረንዳችን ላይ የተነሳነው። አያቴና የንስሐ አባታቸው ከፊት ጉም ለብሰው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ግን ዕዳ ልትጠይቅ ብቅ ያለች ቅቤ ነጋዴ ደብተሯን እንደያዘች እንደ ንግሥት ቆማለች። ደብተሩ ላይ ያለው መስመር ሳይቀር ይታያል። አልበሙን የሚያይ እንግዳ ሁሉ «ይቺ ቆንጆ ማናት?» ይላል። እናቴም ባልተጠየቀችበት ትመልሳለች፦ «ዕዳዋን ከፍለናታል።»

አጎቴ ጥፋቱን ተቀብሎ አያውቅም። ዕቃ ቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርዶ፣ ቀይ አምፖል አብርቶ፣ ሳፋ ደርድሮ ፎቶ ሲያጥብ ቤተሰቡ በሙሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከጨለማው ውስጥ መጀመሪያ የውኃ ድምፅ፣ ቀጥሎ ዝምታ፣ ቀጥሎ ፍርዱ ይመጣል፦

«ተነቃንቃችኋል።»

«እኔ?» ይላሉ አያቴ። «እኔ ጥሻ ውስጥ ጠላት በአጠገቤ ሲያልፍ ግማሽ ቀን እንደ ድንጋይ የዋልኩ ሰው፣ ለአንተ ጠቅታ ተነቃነቅሁ?»

«ትንሽ ነው አባባ። ጭንቅላት ብቻ።»

«ጆሮዬ ሳይነቃነቅ ጭንቅላቴ እንዴት ብሎ ነው የተነቃነቀው?»

ይህን ጥያቄ የጠየቁት የቀለም ትምህርት ያልነካቸው አያቴ ናቸው። በሁለት ክፍለ ዓለም የተማረው አጎቴ መልስ አልነበረውም። ከዚያ ቀን በኋላ ስንነሳ ትንፋሻችንን ጭምር መያዝ ጀመርን። ልጆች ሰማያዊ ሆነን የወጣንበት ፎቶ አለ ይላሉ፤ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማረጋገጥ አልተቻለም።

ለእውነቱ አጎቴ የሚደነቅበትም ነገር ነበረው። ፀሐይ ላይ ሲያነሳ እንከን አይወጣለትም። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ላይ ፀሐይ ካለች የሌንሱን ቀዳዳ ወደ 8 ማጥበብ ይቻላል፤ ቀዳዳው ሲጠብ የሚጠራው ስፋት ይጨምራል፣ ስህተቱም ከነጓዙ እዚያ ውስጥ ይሸፈናል። የዋሻ ሚካኤል መንገድ፣ የሾላ ገበያ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ፣ ሁሉም እንደ መስታወት ጥርት ብለው አሉ። ፀሐይ የስንቱን ገመና እንደምትሸፍን ያወቅሁት በዚያ ነው። ሰው ገመና የሚሸፍነው ጨለማ ይመስለዋል።

ጣጣው የመጣው ጉርድ ፎቶ ሲያስፈልገኝ ነው። ፎቶ ቤት ከምትሄድ እኔ ላንሳህ አለ አጎቴ። «ጉርድ ፎቶ ላይ ሁለቱም ጆሮ መታየት አለበት» ስለሚባል የሚቀለው መሰለኝ። ሁለቱም ጆሮ ታየ። ፎቶውን የሰጠኋቸው ጸሐፊ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው እኔን አዩ፣ ፎቶውን አዩ፣ እንደገና በጎን በኩል አዩኝ። «ጆሮው የአንተ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የተቀረውን ሰውዬ ግን ይዘኸው ና።» ጉርድ ሾላ ዛፉ ተቆርጦ ስሙ እንደቀረ ሁሉ፣ የእኔም ጉርድ ፎቶ ፊቱ ጠፍቶ ጆሮው ቀረ።

ዘመን አለፈ። የአጎቴን ዓይን ሞራ ያዘው፤ ካሜራውንም አወረሰኝ። ሲያስረክበኝ የሰጠኝ ምክር አንድ ብቻ ነው፦ «ፊልሙን ሳትስብ የፍጥነቱን ቁልፍ አትንካ።» ዞርኪ-4 ላይ ሳይስቡ ያን ቁልፍ ማዞር ሆዱን ይሰብረዋል። እኔ ግን «ሳታስብ አትንካ» ያለ መስሎኝ ብዙ ጊዜ አስቤ ሳልነካው ቆየሁ። እንዲያም ሆኖ ምክሩ ሠርቷል።

የጆሮውን ምክንያት ለማወቅ ስነሳ መጀመሪያ የደረሰልኝ ከዋሽንግተን የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው። ዋጋውን ለእናቱ ያልነገራት ዲጂታል ላይካ ይዟል። ጁፒተሩን በማያያዣ ቀለበት እሱ ላይ ገጠመና እናቴን አነሳት። ወዲያው ከጀርባው አየን። ጆሮ! ለመጀመሪያ ጊዜ በቀለም።

የአክስቴ ልጅ ያነበበ ሰው ነው። ላይካ 50 ብሎ የሚጽፈው ሌንስ በእርግጥ 51.6 ሚሊሜትር መሆኑን፣ የሶቭየቶቹ ልክ ደግሞ ከዚያ ጥቂት እንደሚረዝም፣ ስለዚህ ቅርብ ላይ ሁለቱ እንደማይግባቡ አስረዳን። አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። «የርዕዮተ ዓለም ልዩነት ነው» አለ። ያ ልዩነት ግን ቢበዛ ጥቂት ጣት ያሳስታል እንጂ ግማሽ ስንዝር አያስኬድም። በራሱ ካሜራ ላይም፣ በሌላ ካሜራ ላይም ያው ጆሮ ከሆነ ጥፋተኛው ካሜራው አይደለም፤ ሌንሱ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ነው እንጦጦ የወጣሁት።

ሐሳቤ እንዲህ ነበር። ከፈረንሳይ ሽቅብ ባለው ዳገት ላይ ባሕር ዛፍ አለ። ዛፎቹን በሜትር እየለካሁ ቀይ ክር አስርባቸዋለሁ። ሦስት ሜትር ላይ ያለውን አልማለሁ። ፊልሙ ሲታጠብ የትኛው ዛፍ ጥርት እንዳለ አያለሁ። ሳይንስ ነው።

ከእኔ በላይ፣ ወደ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የእንጦጦ የኅዋ መመልከቻ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖቹን ይዞ ተቀምጧል። እነሱ የሚያዩት ጁፒተር ሲቀርበን እንኳ 590 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የሥነ ፈለክ ሰዎች የከዋክብትን ርቀት ሲለኩ ዘዴያቸው ከዞርኪ አይለይም፤ አንዱን መስኮት ዛሬ፣ ሁለተኛውን ከስድስት ወር በኋላ ይከፍታሉ። በመካከሉ ምድር ከነበረችበት 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃለች። እኔ ከሥራቸው፣ በ38 ሚሊሜትርና በጁፒተር-8፣ የእናቴን ዓይን መድረስ አቅቶኝ ዛፍ እለካለሁ።

ሦስተኛውን ክር ሳስር እንጨት ያዘሉ እናት መጡ። ሸክማቸውን ዳገቱ ላይ አስደግፈው አዩኝ። ሜትሩን አዩ። ካሜራውን አዩ። ክሩን አዩ።

«ልጄ፣ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነህ?»

«ከየትም አይደለሁም እናቴ።»

«እሱንማ ሁሉም እንዲህ ይላል። መቼ ነው የምታፈርሱት?»

የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሜትርና ካሜራ ይዞ ክር የሚያስር ሰው ስለ ሥነ ብርሃን ሊያስረዳ አይችልም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አምስት ሰው ተሰበሰበ። አንዲት ወይዘሮ አጥሯን ወደ ውስጥ እንድታስገባ ጊዜ ለመነችኝ። አንድ ወጣት ፎቶ አነሳኝ፤ እሱ ዓይኔን እንዳገኘ አልጠራጠርም። አንድ ሰውዬ ደግሞ ወደ ጎን ጎትቶኝ «ካሳ ካለው የእኔንም ሁለት ክፍል አስገባልኝ፣ አንዷን ገና ልሠራት ነው» አለኝ።

እውነቱን ተናገርኩ። «ይህ ካሜራ ዓይን ሳልም ጆሮ ይመታል፤ ለምን እንደሆነ ልፈትን ነው» አልኩ። ከሁሉም ያመኑኝ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ ናቸው።

«የእኔም ምንሽር እንዲሁ ነበር» አሉ። «ደረት ሳልም ኮፍያ ያነሳል።»

«ታዲያ ምን አደረጉት?»

«ምን አደርገዋለሁ! ጉልበቱን አልም ነበራ።»

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ እንደጠረጠርኩት ሆነ። ያለምኩት ዛፍ ሻሽ የጠመጠመ ይመስላል፤ ከእሱ ኋላ አንድ ሜትር ከምናምን ያለው ግን ልጡ ይቆጠራል። ጥፋተኛው ታወቀ። እስኪጠገን ድረስ የዘበኛውን ዘዴ ያዝኩ። ዓይን ላይ አጥርቼ፣ ከመጫኔ በፊት ራሴን ግማሽ ስንዝር ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ። በሒሳብ ፍጹም ነው።

በማኅበራዊ ኑሮ ግን መከራ ነው። አንድ ሰው ካሜራ ይዞ ፊታችሁን ትኩር ብሎ ካየ በኋላ በድንገት ወደ ኋላ ቢሸሽ ምን ይሰማችኋል? አንዲት አክስቴ «ምነው፣ ሸተትኩህ?» ብላ ለሦስት ወር አላናገረችኝም። ሙሽራ ላይ ያደረግሁትን አልናገርም።

ስለዚህ ወደ ጠጋኝ ሄድኩ። ሰዓት፣ መነጽርና ካሜራ የሚጠግን፣ ከሱቁ ወንበሩ የሚበልጥ ሰው ነው። ሌንሱን ፈታ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ተመለከተ፣ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ሐኪም እንዲህ ሲሆን ቤተሰብ ውጭ ይጠራል።

«እዚህ ጋ ስስ ሮንዴላ ነበረች» አለኝ። «የለችም። ሌንሱ የሮንዴላዋን ያህል ወደ ውስጥ ሰጥሟል። ማን ነው የፈታው?»

ማታ አጎቴን ጠየቅሁት። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ዜና እየሰማ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህን ሌንስ ፈትተኸው ታውቃለህ?»

«እኔ? በፍጹም።» ትንሽ ቆየና፣ «ጠርጌዋለሁ እንጂ» አለ።

«መቼ?»

«እንደመጣሁ። በመጀመሪያው ክረምት። ሻጋታ ቢጤ ይዞት ነበር።»

«በምን ከፈትከው?»

«በካቻቢቴ ነዋ፣ በምን እከፍተዋለሁ?»

«ስትገጥመው የተረፈ ነገር ነበር?»

አጎቴ ፊቱ በራ። ተነሳና የልብስ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ፣ የሌኒን ምስል ካለበት ዓርማና ከዲፕሎማው ሥር አንዲት የክብሪት ቀፎ አውጥቶ መጣ። ከጥጥ ውስጥ ጸጉር የምታህል ቀጭን የብረት ቀለበት አወጣ።

«መለዋወጫዋ!» አለ። «ሩሲያዎች ቸር ናቸው። አንዷ ብትበላሽ ብለው አንድ ትርፍ ጨምረውበታል። አንድ ቀን ታስፈልጋለች ብዬ ይኸው ስንት ዓመት አስቀመጥኩላችሁ።»

ፋብሪካው ንጹሕ ነው፤ ክራስኖጎርስክ ድረስ በልቤ የላክሁትን ሐሜት እዚሁ መልሻለሁ። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይሉ የለ? እንጦጦ ወጥቼ ዛፍ ስለካ፣ ዋሽንግተን ያነበበውን ስሰማ፣ መድኃኒቱ ከአልበሙ ሁለት ሜትር ርቆ ጥጥ ለብሶ ተኝቷል። አጎቴን ምን ልበለው? እሱ በዚያ ሌሊት የተኛው እንደ ባለ ድል ነው። በማግስቱ ለዕድሩ ሰዎች ሁሉ «እኔ ባላስቀምጣት ኖሮ» እያለ ሲያወራ ሰማሁት።

ሮንዴላዋ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ጠጋኙ ጋዜጣ ሰያፍ አድርጎ ዘርግቶ ፈተነው። ያለመው መስመር ጥርት አለ። ከፊቱም ከኋላውም ያለው እኩል ደበዘዘ። ጁፒተር ከስንት ዓመት በኋላ ወደ ምሕዋሩ ገባ።

ከዚያ በኋላ ደስታ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። አክስቴ ታርቃኝ ነበርና በተጠገነው ሌንስ አነሳኋት። ዓይኗ፣ የዓይኗ ሥር፣ ከዓይኗ ሥር ያለው ሥር፣ ሁሉም ወጣ። ፎቶውን አየችና «ይህ ካሜራ ተበላሽቷል» አለች። «የድሮው አጎትህ ሲያነሳበት ፊት ያለሰልስ ነበር።» ልጇ ደግሞ ስልኳን አውጥታ በአንድ ንክኪ ዳራውን ሁሉ አደበዘዘችና አሳየችን። አጎቴ በነፃ ሲሰጠን የኖረውን ጉም ዛሬ ሰው ስልክ እየቀየረ ይገዛዋል። ልዩነቱ የስልኩ ጉም የታዘዘበት ቦታ ላይ መቆሙ ነው።

የቀረችው እናቴ ናት። ባለፈው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላዋን እንዳደረገች በረንዳው ላይ አስቀመጥኳት። ያንኑ የድሮውን የወርቅ ጉትቻ አድርጋለች። አንድ ሜትር። ቀዳዳው 2 ላይ። ሁለቱ እናቶቼ በመስኮቷ ውስጥ ተጠጋግተው አንድ ሆኑ። ወደ ኋላ አልሸሸሁም። ጫንኩ።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓይኗ አለ። ዓይኗ ውስጥ በረንዳው አለ፤ ትኩር ብሎ ላየም በረንዳው ላይ የተንበረከከ ትልቅ ጆሮ ያለው ሰው አለ። አልበማችን ውስጥ የመጀመሪያው ዓይን።

ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። አራቀችው፣ አቀረበችው፣ ደግሞ አራቀችው፤ እሷም በራሷ መንገድ ርቀት ለኪ ናት። አጎቴ ሞራ በያዘው ዓይኑ ወደ እሷ ዞሮ ፍርዱን ይጠብቃል። እኔም ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ፤ የቤተሰብ ልማድ ነው።

«ጥሩ ነው» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ጣቷን ፎቶው ጠርዝ ላይ፣ ጉሙ የሰፈረበት ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ጉትቻዬን ግን ምን አደረግከው?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ያለው ሰው እናቴን አያውቃትም።